የባቢከር ወገብና ስድስቱ ሥዕሎች

ልብስ ሰፊው ባቢከር በዚህ ዓለም ላይ አጥብቆ የሚጠላት አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ነበረች። ወንበሯ ምንም የበደለችው ነገር የለም። ኧረ እንዲያውም ውለታዋ ብዙ ነው፤ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ተሸክሞ ስምንት ወር ሙሉ አለመሰንጠቅ ለፕላስቲክ ቀላል ነገር አይደለም። ግን መስጊድ ውስጥ፣ ከረድፉ ጫፍ፣ ከግድግዳው ሥር የምትቀመጠው ለእሱ ተብላ ነው። ጀመዓው በሙሉ ለሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ባቢከር ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ከፊቱ የሚያየው የጎረቤቶቹን ጀርባና የተሰነጣጠቀ ተረከዛቸውን ነው። ወገቡን ካመመው ስምንት ወሩ፤ ግንባሩ መሬት ከነካም እንደዚያው ስምንት ወሩ።

"የታመመ ሰው ተቀምጦ ቢሰግድ ምንም አይደለም" ይሉታል። ይህንንማ ያውቃል። በልጅነቱ ሆሞሻ ኸልዋ ትምህርት ቤት ገብቶ ሰባት ዓመት ቁርኣን የቀራ ሰው እንዴት ይህ ይጠፋዋል? ቢሆንም ያፍራል፤ ያውም ክፉኛ። ሌላው ሁሉ ዝቅ ሲል እሱ ከላይ ሲቀር፣ ጌታው ፊት ተኮፍሶ የተቀመጠ ይመስለዋል። ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ግድም ሲቀረው ለሚስቱ ለኢንቲሳር ቁርጡን ነገራት።

"ረመዳንን ወንበር ላይ ሆኜ አልሰግድም። ወይ ግንባሬ መሬት ይነካል፣ ወይ ከእነጭራሹ መስጊድ አልሄድም።"

"መሬቱማ የት ይሄድብሃል፤ እዚያው ነው" አለችው ኢንቲሳር። "መሃል ገብቶ የሚያጣላችሁ ሆድህ ነው።"

ሁለቱ የሚነጋገሩት በበርታኛ ነው፤ በበርታኛ ደግሞ ኢንቲሳርን አፍ የሚያስይዛት ሰው አሶሳ ውስጥ የለም። ባቢከር ሆዱን ዳበሰ። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከገበያው ዳር፣ ከጨርቅ ሱቁ በረንዳ ላይ፣ የእግር መኪናውን እየረገጠ ጀለቢያና ዩኒፎርም ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። የሚበላው በመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሻይ የሚጠጣው በመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የሰው ሐሜት የሚሰማውም እንዲሁ። ሻዩ አራት ማንኪያ ስኳር አለው። ገንፎና የባምያ ወጥ ሲቀርብለት "በቃኝ" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከደንበኞቹ ሁሉ ጋር ይግባባል፤ አማርኛውን የለመደው ግን በገበያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚለው። ማንም አይቀየመውም። የደንበኞቹን ልኬት የሚጽፍባት፣ ጠርዟ ያረጀ አንዲት ደብተር አለችው፤ ሁሉም ነገር በኸልዋው ዐረብኛ ፊደል ነው የተጻፈው። ከእሱ በቀር የሚያነባት ስለሌለ የማን ወገብ ስንት እንደደረሰ ምስጢር ሆኖ ይኖራል። የራሱ ወገብ ብቻ ተጽፎ አያውቅም።

ለወገብ ሕመም መድኃኒት የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆን? እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከጎኑ ጫማ የሚሸጠው የባምባሲው ጂራታ "መንቀሳቀስ ነው የገደለህ፤ ሁለት ሳምንት ጣውላ ላይ ተኛ" አለው። ጎረቤቱ መምህር አስማማው ደግሞ "መተኛት ነው የገደለህ" አለው። "ስቡ መቅለጥ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ስታዲየም ና፣ አብረን እንሮጣለን።" ባጃጅ ነጂው ኦመር መጣና "ሩጫም እንቅልፍም አይደለም፤ ሰው ይርገጥህ" ብሎ አረፈው። ሦስቱም በእርግጠኝነት ነው የሚናገሩት። ሦስቱም ወገባቸው ደህና ነው።

ባቢከር ደግሞ ሰው ማስቀየም አይወድም። ጣውላ ላይ ሁለት ቀን ተኛና በሦስተኛው ቀን ከጣውላው ለመነሣት ሁለት ሰው አስፈለገው። ቅዳሜ ስታዲየም ሄዶ አርባ እርምጃ ያህል ሮጠ፤ ከዚያ አስማማው ባጃጅ ወደ መጥራት ገባ። በባጃጁ የመጣው ኦመር ነበርና ወደ ቤት እየወሰደው መንገዱን ሁሉ "ሰው ይርገጥህ ብዬህ ነበር" እያለ አደረቀው። ቤት ደርሶ ሲያስበው ግራ ገባው። መተኛቱም አመመው፣ መሮጡም አመመው፣ መቀመጡም ያመዋል። ታዲያ ሰው ከእነዚህ ውጭ ምን ሊሆን ይችላል?

በመጨረሻ ኢንቲሳር ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ መርምሮ "አጥንትህ ደህና ነው፤ ክብደትና መቀመጥ ነው" ካለው በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው። እዚያ ያለችው እስከዳር የምትባል፣ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት። ፈጣን ናት፤ በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ፈጣን አድርጓታል።

"አባባ፣ ለእርስዎ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ነው የሚያስፈልግዎት" አለችው። "ሩጫ የለም፣ ሸክም የለም። ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ሜዳ በሜዳው አሥር ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ። ስኳሩን ይቀንሱ። ሌላው ወረቀቱ ላይ በሥዕል አለልዎት። ስድስት ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምሩና በየሳምንቱ አንድ አንዱን ይሠራሉ። አልጋው ላይ ይውጡና የመጀመሪያውን ላሳይዎት።"

ባቢከር አልጋውን አየ፣ ልጅቷን አየ። የልጁ የዋፋ እኩያ ናት። በእሷ ፊት እግሩን አንፈራጦ ሊጋደም? ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"አይ፣ አይ። ሥዕሉን አየሁ፣ ገባኝ" አለ። "አንተ ሥራ ብዙ አለህ። እኔ ቤት እሠራለሁ፣ ወላሂ።"

እስከዳር ሰልፉን አየት አድርጋ ወረቀቱን ሰጠችው። አንድ አግድም ወረቀት ነው፤ ስድስት ሥዕሎች በአንድ መስመር ተደርድረውበታል፣ ከሥራቸው ደቃቅ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ባቢከር አማርኛ አያነብም። የምታነብለት ዋፋ ጉባ፣ ግድቡ ዘንድ ሥራ ይዛ ሄዳለች። አስማማው እንዳያነብለት ደግሞ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ቂጡን ሰማይ ያሳየ ሰው ስላለ እንዲህ ያለ ነገር ለመምህር ማሳየት አሳፈረው። ሥዕል ነው፣ ይበቃል አለ። ወረቀቱን ልክ እንደ ልብስ አጣጥፎ የመጀመሪያው ሥዕል ብቻ ውጭ እንዲቀር አደረገ። በጨረፍታ ካየው በላይ የሚመጣውን አስቀድሞ ማየት አልፈለገም።

የመጀመሪያው ሥዕል ላይ አንድ ቀጭን ሰው በሁለት ክርኑና በእግሩ ጣቶች ብቻ ተደግፎ፣ ሆዱን መሬት ሳያስነካ እንደ ጣውላ ተዘርግቷል። ባቢከር ሥዕሉን አየ፣ ሆዱን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ። ሰውየው ሆዱ መሬት የማይነካው ሆድ ስለሌለው ነው። ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ በክርኑ ተደግፎ፣ ጣቶቹን ተክሎ፣ ቢስሚላህ ብሎ ተነሣ። ሦስት ሳይቆጠር ወረደ። ኢንቲሳር ማማሰያዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች።

"ምንድነው የወደቀው?"

"እኔ።"

"ቀስ ያለ ነው አላለችህም?"

"ቀስ ያለ ነው ብላለች" አለ ባቢከር ምንጣፉን እንደሳመ። እሱም ያልገባው ይኸው ነው። ቀስ ያለው ይህ ከሆነ፣ አስቸጋሪው ምን ሊሆን ነው? ግን እስከዳር የተማረች ናት፣ ሐኪም ቤት ነው ያስቀመጧት፤ ያወቀችው ነገር ቢኖር ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ሲነሣና ሲወድቅ ከረመ። ወገቡ ነደደ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ አቃተው። ሆኖም ሲያመው "መድኃኒቱ እየሠራ ነው" እያለ ጥርሱን ነከሰ። ልጅቷ "ካመመዎት ያቁሙ" የምትል ቃል ጽፋለት ነበር፤ ጽሑፉን ማን ያንብበው!

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን አንድ እጥፍ ገለጠ። ሰውየው በእጁና በጉልበቱ ቆሞ አንድ እጁን ወደፊት፣ ተቃራኒ እግሩን ወደኋላ ዘርግቷል። ባቢከር ሲሞክረው በጎኑ ሄዶ የኢንቲሳርን የብረት ሳጥን መታ። ሳጥኑ ተሰረጎደ። ቢሆንም ከባለፈው ሳምንት ይሻላል፤ ቢያንስ ሆዱ ማረፊያ አላጣም። ሦስተኛው ሳምንት ገረመው፤ ሰውየው በእጁና በጉልበቱ ቆሞ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ያሰምጣል፣ በቃ ይኸው ነው። ባቢከር አጎበጠ፣ አሰመጠ። ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ልቅቅ አለ። አራተኛው ላይ ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ቂጡን ከፍ ያደርጋል፤ ባቢከር በሩን ቆልፎ ሠራው። አምስተኛው ላይ በጀርባው ተኝቶ አንድ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል፤ ይህንንማ ሻይ እየጠጣ ሊሠራው ምንም አልቀረው። ሻዩ አሁን አንድ ማንኪያ ስኳር ነው። ከአስር ሰላት በኋላ ያለውን ጉዞ ሳያቋርጥ፣ በማንጎዎቹ ጥላ ሥር እስከ አደባባዩ ደርሶ ይመለሳል።

ይገርማል፤ ሲሻለው ደስ አላለውም። ነገሩ አልጨበጥ አለው። መድኃኒት ሁሉ ከትንሽ ተነሥቶ ወደ ትልቅ ነው የሚሄደው። ልብስ ሰፊም ቢሆን አዲስ ልጅን ከቁልፍ መስፋት አስጀምሮ ወደ ኮት ነው የሚያደርሰው። ይህች ልጅ ግን ከኮት አስጀምራው ወደ ቁልፍ እያወረደችው ነው። ሳምንት በሳምንት የምትፈልግበት ነገር እያነሰ ሄደ። ለምን? ከእሱ ምን ተስፋ ቆርጣ ነው?

ስድስተኛው ሳምንት ሰኞ ገባ። ባቢከር ከሱብሂ በኋላ የመጨረሻውን እጥፍ ገለጠና ክው አለ።

ሥዕሉ ላይ ሰውየው በጀርባው ተዘርግቷል። ጉልበቱ ትንሽ ታጥፏል። ሁለት እጁ ሆዱ ላይ ነው። ዓይኑ ተከድኗል።

ባቢከር በሕይወቱ ብዙ የሞተ ሰው ጀናዛ አጥቧል፤ ዓይኑን ከድኖ በጀርባው የተጋደመ ሰው ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ገጠመለት። መጀመሪያ ጉልበት አለህ ብላ በክርኑ አቆመችው፤ ከዚያ በጉልበቱ፤ ከዚያ በጀርባው፤ አሁን ይኸው። ሐኪም ክፉ ወሬ በአፉ አይናገርም፤ በሥዕል ነግራዋለች። ስድስት ሳምንት ሰጥታው ኖሯል፤ እሱ ግን ሞኝ ሆኖ ስፖርት መሰለው።

ለኢንቲሳር ምንም አልነገራትም። ሱቁ ሄዶ የሰው ልብስ ሁሉ ጨርሶ አስረከበ፤ ለሦስት ወር ቀጠሮ የሰጣቸውን ሳይቀር። ጂራታ "ምን ነካህ፣ በቀጠሮህ ልብስ አስረክበህ ታውቃለህ?" ሲለው "ሰው ይለወጣል" አለ። ከዚያ አቡጀዲ ወሰደ። የከፈን ጨርቅ አይሰፋም፣ ተቆርጦ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ቢሆንም ለውፍረቱ ስንት እንደሚበቃ ማወቅ አለበትና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ወገብ ለካ። ሜትሩን ተጠራጥሮ ደግሞ ለካ። ከዚያ የሚለብሰውን ሱሪ ለካ፤ ከዓመት በፊት ራሱ በዓይን ገምቶ የሰፋው፣ ልክክ ይለው የነበረ ነው። ወገቡ ከሱሪው በአሥራ አንድ ሳንቲ ያንሳል።

"መንምኜ አለቅኩ" አለ ባቢከር። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ፣ አለቀሰ። የሚያሳዝነው መሞቱ ብቻ አይደለም። ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ነው የቀረው፤ ግንባሩን መሬት ሳያስነካ፣ ከዚያች ሰማያዊ ወንበር ላይ ተነሥቶ ወደ ጌታው መሄዱ ነው።

ኢንቲሳር አቡጀዲውን ያገኘችው በተሰረጎደው ሳጥኗ ውስጥ ነው። አልጮኸችም። ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ከፊቱ ቆመች።

"ይህ የማን ነው?"

ወረቀቱን አሳያት። ኢንቲሳር ሥዕሉን ስታይ እሷም ደነገጠች፤ ግን ኢንቲሳር ስትደነግጥ የምትናደድ ሴት ናት። ጨርቁን ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች፤ ሻርፗን ጠመጠመች።

"ተነሥ። ትንገረኝ፤ በአፏ ትንገረኝ። ባሌን በሥዕል የምትገድልብኝ ማን ስለሆነች ነው?"

እስከዳር ሁለቱን ስታይ ፈገግ ብላ ተነሣች። ቀጠሮ የሰጠችው ገና ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር። "አባባ! ቀጥ ብለው ነው'ኮ የገቡት! ተሻለዎት?"

"አንተ እውነት ንገረኝ" አለ ባቢከር። "እኔ አልቆጣም። ስንት ቀን ቀረኝ?"

"ለምኑ?"

ባቢከር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን ዓይኑን የከደነው ሰው ላይ አኖረ። "ይሄ ሰውየው። ሞተ።"

እስከዳር ሥዕሉን አየችና ሳቋን መያዝ አቃታት። ኢንቲሳር ግን ዘንቢሏን ከፍታ አቡጀዲውን ስታሳያት ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"እየተነፈሰ ነው'ኮ" አለች ቀስ ብላ። "ጡንቻውን አሳርፎ እየተነፈሰ ነው። ይህ የመጀመሪያው ነው፣ አባባ። ከዚህ ነው የሚጀመረው።"

"የመጨረሻው ነው" አለ ባቢከር። "ወረቀት ከዚህ ይጀምራል።" ጣቱን በቀኝ በኩል፣ በክርኑ የተዘረጋው ቀጭን ሰው ላይ አኖረ። ልጅቷ ያላመነችው መስሎት የልኬት ደብተሩን ከኪሱ አወጣና ከቀኝ በኩል ገልጦ፣ በዐረብኛ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፉትን ልኬቶች በጣቱ እየተከተለ አሳያት።

እስከዳር ደብተሩን አየች። ወረቀቱን አየች። አፏን ያዘች።

"መጀመሪያ ሳምንት ይህን ነው የሠሩት?" በቀኝ በኩል ያለውን ነካች። "ይህን? መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሆነው?"

"ሦስት ሳልቆጥር ወደቅሁ።"

"በየቀኑ ወደቀ" አለች ኢንቲሳር በተሰባበረ አማርኛዋ። "ሳጥኔንም መታ።"

እስከዳር ወንበሯ ላይ ዝርግት አለች። "ቁጥር እንኳ አልጻፍኩበትም" አለች ለራሷ። "አንድ ሁለት ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት። ወገብዎትን ልሰብር ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ባቢከር ግን ይቅርታውን አልሰማም፤ ገና የመጀመሪያው ጥያቄው ላይ ነው ያለው። "ታዲያ እኔ አልሞትም?"

"በዚህ ወረቀት አይሞቱም።"

"ሱሪው ሰፋ። መነመንሁ።"

"ከሱ እንጂ! እንዲከሱ አይደል እንዴ ስንለፋ የከረምነው?"

ባቢከር ግድግዳውን ተደገፈ። ደስታው ቶሎ አልመጣለትም። ስድስት ሳምንት ያመነው ሁሉ ተገልብጦ ነው የቆመው፤ የታመመው የዳነ፣ የሞተው የተኛ ሆኗል፤ የቱን ይዞ የቱን እንደሚጥል አላወቀም። እስከዳር ውኃ ሰጠችውና ጠጣ።

"መጀመሪያውኑ ሲመጡ መጠየቅ ነበረብኝ" አለችው። "ወገብዎት ሲድን ምን ለማድረግ ነው የፈለጉት?"

ባቢከር አፈረ። ኢንቲሳር "ንገራት" አለችው በበርታኛ።

"መሬት" አለ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ። "ረመዳን መጣ። እኔ ወንበር ላይ ነኝ።"

እስከዳር ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጀርባውን የሚያጎብጠውን ሰው አሳየችው። "ይህን ሲሠሩ አመመዎት?"

"አላመመም። ይሄ ጥሩ ነበር።"

"እስቲ አሁን ያሳዩኝ። ካመመዎት ግን ወዲያው ነው የሚያቆሙት።"

በዚያ በመጀመሪያው ቀን አልጋ ላይ ለመጋደም ያፈረው ሰው አሁን ማፈሩን ረሳው። ወለሉን አየ፤ የሐኪም ቤት ወለል ነው፣ ስንት ጫማ ረግጦታል። ኢንቲሳር አቡጀዲውን ከዘንቢሏ አወጣችና የመካን አቅጣጫ፣ ቂብላውን አይታ ዘረጋችው። ባቢከር አልጋውን ተደግፎ አንድ ጉልበቱን አወረደ፣ ሌላውን አስከተለ፣ በእጁ ተደገፈ። ጀርባውን አጎበጠ፣ አሰመጠ።

"ጥሩ ነው" አለች እስከዳር። "አሁን መቀመጫዎን ወደ ተረከዝዎ፣ ቀስ ብለው። ክርንዎን ያስከትሉ። ቀስ።"

ባቢከር ወረደ። ሆዱ በጭኖቹ መሃል ቦታ አገኘ። ጨርቁ ለፊቱ ቀረበ፣ አዲስ አቡጀዲ ሸተተው፤ ከዚያ ግንባሩ ነካ። ስፖርት ይሁን ሰላት፣ ራሱም አላወቀውም። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ቆየ። በጣም ቆየ። በሩን የሚያንኳኩ ነበሩ። እስከዳር ኢንቲሳርን አየቻት፤ ኢንቲሳር ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። ልጅቷ ፈራችና አጠገቡ በርከክ አለች።

"አባባ? አመመዎት እንዴ?"

"ተወኝ፣ ልጄ" አላት ግንባሩን ከከፈኑ ላይ ሳያነሣ። "ትንሽ ልቆይ።"

እስከዳር ተነሥታ ሄዳ ሰልፉን "አንዴ ታገሡኝ" አለችና በሩን ዘጋችው።